ለተዘበራረቀ ሳምንት የሚሆን ክብደት የመቀነሻ ዕቅድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በ5 ወር ውስጥ 8 ኪሎ ቀንሼ ነበር። ምሳዬን ከቤት እይዛለሁ፣ ማታ ማታ እራመዳለሁ፣ የምበላውን እመዝናለሁ። ኮርቼም ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ አንዳንዴም ላልጠየቀኝ፣ ምክር እሰጥ ነበር። ከዚያ ሥራ ቀየርኩ። አዲሱ ሥራ ሩቅ ነው፣ ጠዋት ሌሊት ሊባል በሚችል ሰዓት ወጥቼ ማታ ደክሞኝ ነው የምገባው፣ ምሳ ደግሞ አንድ ቀን በጊዜ ይበላል፣ አንድ ቀን ጭራሽ አይበላም። ዓመት ሳይሞላ 8ቱም ኪሎ ተመለሰ፣ ሁለት ጓደኛ ጨምሮ።

ያኔ ራሴን ሰነፍ እያልኩ ስወቅስ ከረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ዕቅዱ የተሠራው ለጸጥተኛ ሳምንት ነበር። ልጅ የማይታመምበት፣ አለቃ የማያስመሽበት፣ እንግዳ የማይመጣበት ሳምንት። እንዲህ ያለ ሳምንት በዓመት ስንቴ ይመጣል? ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የሚጀምረው ከተዘበራረቀው ሳምንት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ የኩላሊት ችግር ካለባችሁ፣ ወይም ከዚህ በፊት ራስን በማስራብም ሆነ በልቶ በማስመለስ ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች ምግብ በድንገት ስትቀንሱ የደም ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። የምታጠቡ እናቶችም እንደዚሁ፣ ወተት ለመሥራት ሰውነት ተጨማሪ ጉልበት ስለሚፈልግ ቸኩላችሁ አትቀንሱ። ክብደታችሁ ያለ ምክንያት የጨመረ ከመሰላችሁ ደግሞ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶችና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ክብደት ይጨምራሉ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አታቁሙ።

1. ምን እንደተቀየረ እወቁ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «ምን ልብላ?» ከሚለው ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ወረቀት አውጡና ልብስ እየጠበባችሁ የመጣበትን ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ስድስት ወራት በኑሯችሁ ውስጥ ምን ተቀየረ?

መልሱ ብዙ ጊዜ ከምግቡ ውጭ ነው። ቆሞ ይሠራ የነበረ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ብቻውን ሲኖር እራት ይረሳ የነበረ ሰው አግብቶ በየማታው ከነጭማሪው ይበላል። ልጅ ከተወለደ ወዲህ እንቅልፍ የለም፣ በዚያ ላይ ልጁ የተወው ሁሉ «እንዳይደፋ» ተብሎ በእናት ወይም በአባት ሆድ ያልቃል። የሌሊት ፈረቃ የገባ ሰው ሰውነቱ ተኛ በሚለው ሰዓት ይበላል። በማረጥ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሚዛኑ ብዙ ሳይጨምር እንኳ ስቡ ከዳሌ ወደ ሆድ ሲሄድ ታየዋለች። ሐዘን አለ፣ ጉዳት አለ፣ ስብራት አለ።

ሲጋራ ያቆማችሁ ካላችሁ እናንተን ለብቻ ላናግራችሁ። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎት ያጠፋል፣ ሰውነት የሚያቃጥለውንም በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ተመልሶ ለማጨስ ምክንያት አይሆንም፣ ለሳንባና ለልብ የተገኘው ጥቅም ከእነዚህ ኪሎዎች በብዙ ይበልጣል። መጀመሪያ ሲጋራው ይውጣላችሁ፣ ኪሎው ይደርሳል።

«ዕድሜዬ ነው» የሚል መልስ ጽፋችሁ ከሆነ ደግሞ ሰርዙት፣ ቢያንስ ለጊዜው። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን የመረመረ ጥናት እንዳሳየው የሰውነት መጠንና የጡንቻ ልዩነት ከግምት ከገባ በኋላ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ብዙም አይለወጥም። በ35 ዓመታችሁ የተለወጠው ምድጃው ሳይሆን ውሏችሁ ነው ማለት ነው። ውሎ ደግሞ ይስተካከላል።

መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኔ እንዲህ ነበር፦ «ሥራ ከቀየርኩ ጀምሮ ቁርስ ሳልበላ ስለምወጣ ከሰዓት ብስኩት እበላለሁ፣ ማታ ደግሞ የሁለት ሰው እራት።» ይሄን ስጽፍ መፍትሔው እራት ላይ ሳይሆን ቁርስ ላይ እንደሆነ ወዲያው ታየኝ። ስንት ወር ከእራት ጋር ስታገል!

2. ለ7 ቀን ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

የቀመሳችሁትን ሁሉ ጻፉ። ስልክ ላይ ቢሆን ይቀላል፣ ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። ከምግቡ ጎን ሰዓቱን፣ ቦታውንና ለምን እንደበላችሁት ጨምሩ፦ ርቦኝ፣ ደብሮኝ፣ ስለተሰጠኝ፣ ስለነበረ። ካሎሪ መቁጠር ለጊዜው ይቅር።

አስቸጋሪው ነገር ሰው ስለሚበላው ሲናገር ማሳነሱ ነው። ውሸት አይደለም፣ እንረሳለን። ወጥ ስንሠራ የቀመስናት፣ ከባልደረባ ጠረጴዛ ላይ ያነሳናት፣ ቆመን የበላናት ትረሳለች። ስለዚህ ማታ ከምትጽፉ እዚያው በበላችሁበት ጻፉ። በዚህ ሳምንት ጨዋ ለመሆን አትሞክሩ፣ የተቀባባ መዝገብ ለማንም አይጠቅምም።

በ7ኛው ቀን አንብቡትና ሦስት ጊዜ የተደጋገመውን ነገር ፈልጉ። እሱ ነው የመጀመሪያ ሥራችሁ።

3. ለኩ፣ ግን ሚዛን ላይ አትኑሩ

ክብደታችሁን ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ተመዘኑ። ወገባችሁን ከእምብርት በላይ ባለው፣ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል በሜትር ለኩ። ቀላል መመዘኛ ልስጣችሁ፦ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ባይበልጥ ይመረጣል።

ግባችሁ በመጀመሪያ 5 በመቶ ይሁን። 90 ኪሎ ከሆናችሁ 4.5 ኪሎ ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር ለውጥ ማምጣት የሚጀምርበት መጠን ነው። ፍጥነቱ ደግሞ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ይበቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት 2 ወይም 3 ኪሎ ቢወርድ አትጨፍሩ። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያጠራቀመው የስኳር ክምችት፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ክምችቱ ሲያልቅ ውኃውም ይወጣል። በተመሳሳይ አንድ ቀን ጨው የበዛበት እራት በልታችሁ በነጋታው አንድ ኪሎ ቢጨምር ስብ አይደለም። አንድ ኪሎ ስብ ለመሥራት በግምት 7,700 ካሎሪ ትርፍ ያስፈልጋል፣ በአንድ እራት ያን ያህል የበላ ሰው እኔ አላየሁም። ስለዚህ የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የሳምንቱን አማካይ ተመልከቱ።

4. ከመጠጥና ከዘይት ጀምሩ

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ሥሩ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ምንም ሳይርባችሁ የምትቀንሱት እዚህ ነው።

ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፣ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ ጣሳ ብቻውን ያልፈዋል። ጁስም ከዚህ አያመልጥም፤ ፍሬው ተጨምቆ አሰሩ (ፋይበር የሚባለው) ሲቀር በድርጅቱ አቆጣጠር ስኳሩ ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው የሚመደበው። ፍሬውን ብሉት፣ አትጠጡት።

ሻይ ወዳጆች፣ ወደ እናንተ መጣሁ። በአንድ ስኒ 3 ማንኪያ፣ በቀን 4 ስኒ፣ 12 ማንኪያ ማለት ነው፤ 48 ግራም ስኳር፣ 190 ካሎሪ ገደማ። በአንድ ቀን ማቆም አያስፈልግም። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል፤ እኔ አሁን የድሮ ሻዬን ቢሰጡኝ ሽሮፕ ይመስለኛል።

ዘይት ደግሞ ጤነኛ ሆነም አልሆነ በግራም 9 ካሎሪ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ስታፈሱ 3 ይሁን 6 ማንኪያ አታውቁም። ማንኪያ ምድጃው አጠገብ ይቀመጥ፣ ዘይት በማንኪያ እየተለካ ይግባ። በቃ። አልኮልም በግራም 7 ካሎሪ ነው፣ በዚያ ላይ ከሱ ጋር የሚበላው አለ።

5. ሳህኑን አስተካክሉ

ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ ሩዝ ወይም ዳቦ ወይም ፓስታ ወይም ድንች። ድንች እዚህ አትክልት ተብሎ አይቆጠርም፣ ይቅርታ።

ፕሮቲን ሲባል ሥጋ ብቻ አይደለም፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ፣ ምስር፣ ባቄላ ሁሉም ይሆናሉ። ሁለት ጥቅም አለው። ያጠግባል፣ ክብደት ስትቀንሱም ጡንቻችሁ ከስቡ ጋር አብሮ እንዳይሄድ ያግዛል። አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ቢያንስ 400 ግራም፣ አሰር ደግሞ ቢያንስ 25 ግራም የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። ጥራጥሬ የለመደ ሰው 25 ግራም አይከብደውም። ያልለመደ ግን ቀስ ብሎ ይጨምር፣ ውኃም ይጠጣ፣ አለዚያ ሆዱ ሲያጉረመርም ይውላል።

የተከለከለ ምግብ አትዘርዝሩ። እኔ ቸኮሌት ከልክዬ የነበረ ጊዜ የማስበው ስለ ቸኮሌት ብቻ ነበር።

6. ሁለት ዕቅድ ይኑራችሁ

የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋናው ይሄ ነው። አንዱ የሙሉ ሳምንት ዕቅድ ነው፦ ምሳ ከቤት፣ እራት በልክ፣ እርምጃ፣ ሁሉም ነገር። ሁለተኛው የጭንቅ ሳምንት ዕቅድ ነው። በሱ ውስጥ ከ3 በላይ ነገር አይገባም፣ እያንዳንዱም ልጅ ታሞ፣ እናንተ ሌሊቱን ሳትተኙ አድራችሁ እንኳ የሚቻል መሆን አለበት። የእኔ እነሆ፦ ስኳር ያለው መጠጥ የለም፤ ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ወይም እርጎ፤ እራት አንድ ሳህን ብቻ፣ ድጋሚ የለም። ሌላው ሁሉ ተፈቅዷል። ዕቅዱን ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት፣ ምክንያቱም የደከመ ሰው ማሰብ አይችልም፣ ማንበብ ግን ይችላል።

በጭንቅ ሳምንት ዓላማችሁ መቀነስ አይደለም። ባላችሁበት መቆየት ነው። ይሄን አምናችሁ ከተቀበላችሁ «ዛሬ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ እጀምራለሁ» የሚባለው ነገር ይቀራል። የለንደን ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት አንድ ነገር ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፣ አንዳንዱ ሰው በ18 ቀን፣ አንዳንዱ ግን እስከ 254 ቀን። ከዚያ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ያን ያህል አላበላሸውም።

ለጭንቅ ሳምንት ጓዳችሁ መዘጋጀት አለበት። በ10 ደቂቃ የሚሠራ አንድ ምግብ ምረጡና ዕቃው ሁልጊዜ ቤት ይኑር፦ እንቁላል፣ የታሸገ ዓሣ፣ ተቀቅሎ የተቀመጠ ምስር ወይም ባቄላ፣ በረዶ ቤት የገባ አትክልት። ባቄላ በብዛት ቀቅላችሁ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት ማስገባት የአንድ እሑድ ሥራ ነው፣ ለወር ያህል ያግዛል። ይሄ ከሌለ የምትበሉት የታሸገና የተጠበሰውን ነው። በ2019 አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በጣም የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ቤት የሚሠራ ዓይነት ምግብ ቀርቦላቸው የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደረገ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብና አሰር በሁለቱም ተመጣጣኝ ነበር። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ አስበልጠው በሉ፣ በሁለት ሳምንት 0.9 ኪሎ ያህልም ጨመሩ። እነዚያ ሰዎች ሆዳም ስለሆኑ አይደለም። ምግቡ ቶሎ ይዋጣል፣ ሆድ ጠገብኩ ብሎ ሳይናገር ሳህኑ ያልቃል።

7. ከሰው ጋር ተስማሙ

ቤት ውስጥ ምግብ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ከሱ ጋር ሳትነጋገሩ የትም አትደርሱም። እናቴ ዘንድ ስሄድ «ምነው፣ ጠላኸው እንዴ?» ትለኛለች። ስለ ካሎሪ ባወራት አይገባትም፣ ቅር ይላታል እንጂ። «እማዬ፣ በጣም ጣፍጦኛል፣ ለነገ ቋጥሪልኝ» ስላት ግን ደስ ይላታል፣ እኔም ሁለተኛ ሳህን አመለጥኩ። ቋጠሮው የነገ ምሳ ይሆናል።

ለባለቤታችሁ ወይም አብሯችሁ ለሚኖር ሰው «እኔ ዳይት ላይ ነኝ» ከማለት ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ፦ ዘይቱን በማንኪያ እንለካ፣ ብስኩቱ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ሰላጣው መጀመሪያ ይቅረብ። ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ሲጠየቅ ይተባበራል።

8. እንቅስቃሴና እንቅልፍ

አጭር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ጣሳ ኮላ ማለት ነው። ስለዚህ ተራምዶ መጥቶ ራስን በኬክ መሸለም ሒሳቡ አይገጥምም። መራመድ ግን አትተዉ፤ የቀነሳችሁት ኪሎ እንዳይመለስ እንቅስቃሴ ብዙ ያግዛል፣ ለልብና ለስሜት የሚሰጠውም ሌላ ነው። የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ በዚያ ላይ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ነው። ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ መግፋት ይበቃል።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ግሬሊን የሚባለው የረሃብ ሆርሞን ሊጨምርበት፣ ሌፕቲን የሚባለው የጥጋብ ሆርሞን ደግሞ ሊቀንስበት ይችላል። ሕፃን ልጅ ያላችሁ ሰዎች «ተኙ» ብላችሁ ብትመከሩ ልትደባደቡ እንደምትችሉ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልልም። በዚያ ጊዜ የጭንቅ ሳምንቱን ዕቅድ ተጠቀሙ፣ ወራት ቢፈጅም።

9. ሚዛኑ ሲቆም

ይቆማል። ክብደት የቀነሰ ሰውነት የሚያስፈልገው ጉልበትም ስለሚቀንስ ያው ምግብ ከጊዜ በኋላ ማቅጠኑን ትቶ ባላችሁበት ያቆያችኋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጠብቁ፣ ወገባችሁን ለኩ፣ ከዚያ እንደገና ለ7 ቀን መዝግቡ። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ (የእኔ ግምት ነው) ዘይቱ ወይም የሻዩ ስኳር ቀስ ብሎ ተመልሷል።

የማታደርጉት ነገር ቢኖር ምግቡን ጭራሽ መቁረጥ ነው። በቀን ከ800 ካሎሪ በታች የሆነ አመጋገብ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚደረግ ነው፤ የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ ጡንቻ ይበላል። ሆድ ያጸዳል ተብሎ የሚሸጥ ሻይ ደግሞ የሚያስወጣው ውኃ ነው፣ ገንዘባችሁንም።

10. አዲስ ለውጥ ሲመጣ

ሥራ ልትቀይሩ፣ ቤት ልትለቁ፣ ልጅ ልትወልዱ፣ ፈረቃ ልትገቡ ነው እንበል። ለውጡ ከመጣ በኋላ ከማሰብ አስቀድማችሁ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀመጡና አራት ጥያቄ መልሱ። ቁርስ የት እበላለሁ? ምሳ ከየት ይመጣል? ከሰዓት ሲርበኝ ቦርሳዬ ውስጥ ምን አለ? ማታ ስንት ሰዓት ቤት እገባለሁ፣ ያን ሰዓት ምን ተሠርቶ ይጠብቀኛል? የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት በጭንቅ ሳምንቱ ዕቅድ እለፏቸው፣ አዲሱ ውሎ እስኪታወቅ ሙሉውን ዕቅድ አትንኩት። ከዚያ ከደረጃ 1 ጀምራችሁ ዓረፍተ ነገራችሁን እንደገና ጻፉ። የእኔ አሁን ፍሪጁ ላይ ያለው ለአራተኛ ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ወረቀቱም ዘይት ነክቶታል።